ከራዳሩ ምሰሶ ሥር የሚቆም ሰው

ቁራው የሚሉት ሰው አንዲት ነገር ለመናገር ፈልጎ ዓመት ሙሉ አፉ አልፈታ ብሎት ከረመ። አሁን ጊዜው አለቀበት። የሚስቱ ወንድም ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ ጓዙን ጠቅልሎ ሴት ልጁ ዘንድ ሊኖር ይሄዳል። ልጅቱ ያለችበት ከተማ ሩቅ ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አንዱ ሌላውን ለመጠየቅ ያን ያህል መንገድ እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ።

ትናንት አማቹ ራሱ ደውሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ መሄዴ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሥራ ትገባለህ?»

«አንዲት የጭነት መርከብ አለች። ራዳሯ አልዞር ብሏል።»

«እንግዲህ ከጨረስክ...»

«ከጨረስኩ እመጣለሁ።»

ስልኩን ቀድሞ የዘጋው ማን እንደሆነ ቁራው አላስተዋለም።

ቁራው ያሉት የወደቡ ሰዎች ናቸው። ቀኑን ምሰሶ ላይ ስለሚውል ነው። ሥራው የመርከብ ራዳር መጠገን ነው፤ በተለይም ከመሪው ክፍል ጣራ በላይ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚሽከረከረውን አንቴና። ያ እንደ ሳንቃ ረዘም ያለ ነጭ ነገር ካልዞረ መርከብ በጭጋግ ውስጥ ዕውር ናት። ታች ያለው ሰው የሚያየው መስታወት ቢያምር፣ ቁልፉ ቢበዛ፣ ላይ ያለው የመሽከርከሪያ ኩሽኔታ ከደረቀና ማርሹ ከተበላ ሁሉም ከንቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መውጣት አለበት።

ለመውጣት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ከሥር ይቆማል። የቆመው ሰው የራዳሩን ፊውዝ ነቅሎ ይይዛል፣ ማንም መጥቶ እንዳያበራው ይጠብቃል። የሥራ ደንቡ እንደውም የሚወጣው ሰው ፊውዙን ራሱ ኪሱ ውስጥ ይክተተው ይላል። ቁራውና አማቹ ግን የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ቁራው ፊውዙን ነቅሎ ለአማቹ ይሰጠዋል፤ አማቹ በጡጫው ጨብጦ እስኪወርድ ይቆማል።

«ኪስ ይቀደዳል» ይል ነበር አማቹ። «እኔ እስካሁን አልተቀደድኩም።»

ሌላም ደንብ ነበራቸው፣ የትም ያልተጻፈ። ምሰሶ ላይ ላለ ሰው ወሬ አይነገርም። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ እስኪወርድ ይቆያል። ልቡ የተሸበረ ሰው እግሩን አያምነውምና።

የቁራው ሚስት የታመመች ዕለት ስልኩ የተደወለው ለአማቹ ነው። ጎረቤታቸው ናት የደወለችው፤ ኩሽና ውስጥ ወድቃ እንዳገኘቻት፣ ሐኪም ቤት ይዘዋት እየሄዱ እንደሆነ ነገረችው። ቁራው ላይ ነበር፣ የማርሹን ክዳን ከፍቶ። አማቹ አንገቱን ቀና አድርጎ አየው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ምንም አላለም። ቁራው ክዳኑን ገጠመ፣ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ፣ ወረደ። ያኔ ነገረው። እየሮጡ ሄዱ። ሲደርሱ አልፋለች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቁራው አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ። «ለምን አልጠራኸኝም?»

የሞተችው ለአማቹም እህቱ ናት። ከቀብሩ በኋላ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ወደቡን ተወ። ሳይጣሉ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው፣ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። ቁራው ቤቱ ሲገባ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ለመስማት አይደለም፣ ሰው ያለ ለማስመሰል ነው። ቆሞ ይበላል። አንድ ሳህን ያጥባል። ሳህኑን እያጠበ የዚያን ቀን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ቀስ በቀስ ገባው። ቢጠራው ኖሮ ቀበቶውን ፈቶ በጥድፊያ ይወርድ ነበር፣ በዚያ ጥድፊያም ይወድቅ ነበር። አማቹ ልክ ነበር። ይህንን ነው ሊነግረው የፈለገው፤ ይህቺን ብቻ።

መርከቧ አሮጌ ናት። በጎኗ ዝገት እንደ እንባ ወርዷል። መሪው ክፍል ውስጥ አንድ መኮንን ተቀበለው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ሸሚዙ ከሱሪው የወጣ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚወጡት?»

«ሌላ ሰው ታያለህ?»

«አይ፣ ረጅም ነው ብዬ ነው።»

«ሲወጡት ያጥራል። አንቴናው ሥር ማጥፊያ አለው?»

«ነበረው። ጨው በልቶታል።»

ቁራው ከግድግዳው ሳጥን ፊውዙን ነቀለ። ደንቡን ያውቀዋል፣ ኪሱም ደህና ነበር። ነገር ግን አጠገቡ ሰው ቆሞ ነበርና እጁ በራሱ ተዘረጋ።

«ያዘው» አለ። «እስክወርድ ከእጅህ እንዳይወጣ።»

«እሺ አባባ» አለ መኮንኑ፣ ተቀበለው።

ስልኩን ከመሣሪያ ቦርሳው ጋር መሪው ክፍል ጥግ አስቀመጠ። ምሰሶ ላይ ከኪስ የሚወድቅ ነገር ይዞ አይወጣም። መፍቻዎቹን በሲባጎ ወገቡ ላይ አስሮ፣ የግራሶ ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ላይ ያለው መቆሚያ ለአንድ ሰው እንኳ የሚጠብብ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ጉልበት የሚደርስ አጥር አለው። ከዚያ ወደ መሰላሉ ለመመለስ ቆሞ አጥሩን መሻገር ግድ ነው። የማርሹን ክዳን ሲፈታ ጨዋማ ውኃ ወጣ። ውኃ እንዳይገባ ክዳኑን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተሰንጥቋል። ጠራረገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ አጠጣ። አንቴናውን በእጁ ሲገፋው ያለ ድምፅ ዞረለት። ክዳኑን ገጥሞ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ነፋሱ ከባሕር ነው። ከሥሩ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል፤ የአውቶቡስ መናኸሪያው ጣራ ሳይቀር። ደርሳለሁ አለ በልቡ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ነው የቸገረው።

ታች ምን እንደሆነ በኋላ ነው የሰማው። ቦታው ለሌላ መርከብ ስለተፈለገ ከታሰበው ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። መኮንኑን ገመድ ለማስፈታት ወደ መርከቧ ኋላ ጠሩት። ፊውዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሮጠ። በእሱ ቦታ የገባው ሌላ መኮንን ፊውዙን አየ፣ ጠጋኙ ጨርሶ ያስቀመጠው መሰለው። በመርከቧ መውረጃ መሰላል ላይ የቆመውን ዘበኛ ጠየቀው። ዘበኛውም ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ሲወርድ አይቻለሁ አለ። የወረደው ቀለም ቀቢው ነበር።

ቁራው የሞተሩን እህታ ሰማ። ያን ድምፅ ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል፤ አንቴናው ከመነሳቱ በፊት የሚሰማ አጭር ማቃሰት ነው። ጎንበስ አለ፤ ግን አልቀደመውም። አንቴናው ቀኝ ትከሻውን መቶት አለፈ። መቆሚያው ላይ በጎኑ ወደቀ። ክንዱን ሊያነሳ ሞከረ፣ እንቢ አለው። በላዩ ላይ ነጩ ሳንቃ እየዞረ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ቀና ያለ እንደሆነ አናቱን ይለዋል።

ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ወሰደው። ከኋላው የጭስ ማውጫው እንደ ጉድ ያጓራል። ከዚያ የመርከቧ ጡሩምባ እጅግ ቅርብ ሆኖ ተነፋና ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አልሰማም። ጆሮው ሲመለስለት መርከቧ ስትንቀጠቀጥ ተሰማው። ልትወጣ ነው።

መሪው ክፍል ከሥሩ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ግን ወደ ፊት ነው። ራዳር የሚያይ ሰው ራዳሩን ቀና ብሎ አያይም። በግራ እጁ አንዱን መፍቻ ከሲባጎው ፈታ። ቁራው በዕድሜው ከምሰሶ ላይ ዕቃ ጥሎ አያውቅም፤ ይህ ኩራቱ ነበር። ወደ ጣራው ወረወረው። ግራ እጅ ነውና መፍቻው የጣራውን ጠርዝ ነክቶ ባሕር ገባ። ሁለተኛው ጣራው መሀል አረፈ። ጠበቀ። ማንም አልወጣም። አሮጌ መርከብ ላይ የሚንኳኳ ነገር ብዙ ነው።

ሦስተኛ አልነበረውም።

ጉልበቱን አቅፎ፣ አንገቱን ቀብሮ ተቀመጠና አሰበ። ማን ይፈልገኛል? የጥገናው አለቃ ጨርሶ ቤቱ ገብቷል ይላል። ቤት የሚጠብቀው የለም። ጎረቤቲቱ የሬዲዮው ድምፅ መጥፋቱን ልብ ትል ይሆናል፣ እሱም ሰንብታ። አማቹ መናኸሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ አይቶ፣ አልመጣም ብሎ፣ ይሳፈራል። ቂም ይዞብኝ ቀረ ይላል። ከትከሻው ይልቅ ያቺ አመመችው። ሰውዬው ያን እንደ ድንጋይ ተሸክሞ ሊሄድ ነው።

ገመዶቹ ተፈቱ። ጎታቿ ጀልባ መርከቧን ከወደቡ ጠርዝ ታላቅቃት ጀመር። ቁራው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ታች ተመለከተ። ገመድ የሚፈቱት ሠራተኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። መጋዘኑ ጥግ አንድ ሰው ቆሟል። ሻንጣ ይዟል። አንድ እግሩን ያሳርፋል። ያ ሰው ብቻውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ አንጋጦ ምሰሶውን ያያል።

አማቹ ነው። መናኸሪያው ላይ አልጠበቀም፤ ራሱ ሊሰናበተው መጥቷል። ወደብ የገባ እንደሆነ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ምሰሶ ጫፍ ላይ ነው፤ ስንት ዘመን ሲያይ የኖረው እሱን ነዋ።

ቁራው ግራ እጁን በአጥሩ ላይ አውጥቶ ጡጫውን ጨብጦ አናቱ ላይ አደረገ። በነፋስና በሞተር ጩኸት መሀል የሚነጋገሩበት ምልክት ነበራቸው፤ ይህኛው አጥፋ ማለት ነው።

ታች ያለው ሰው ሻንጣውን ለቀቀው። ሻንጣው መሬት ሲወድቅ ተከፈተ። እሱ ግን ዞሮም አላየው፤ እያነከሰ መሮጥ ጀመረ። ቁራው ይህን ሰው ሲሮጥ ያየው አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለቱም አብረው የሮጡ ዕለት። የገመድ ፈቺዎቹን አለቃ ከኋላ ደረሰበት፤ እጁ ላይ ያለውን ሬዲዮ ሲነጥቀው ታየ። ከዚያ መጋዘኑ ጋረዳቸው።

አንቴናው ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ዘገየ፣ ቆመ። ጥላው በቁራው ፊት ላይ አረፈ።

ፊውዙን ተቀብሎት የነበረው መኮንን ነው ወጥቶ ያወረደው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ገመድ አስፈታ ብለው ጠሩኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ላፍታ አስቀመጥኩት...»

«እግሬን ያዝልኝ» አለ ቁራው። «ይቅርታውን ታች እንነጋገራለን።»

መሪው ክፍል ሲገባ የመርከቧ አዛዥ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከአጠገቡ መርከቦችን መርቶ ከወደብ የሚያወጣው ፓይለት ቆሟል፤ ቦርጫም፣ ቁራውን ከጥንት የሚያውቀው።

«ሰውዬ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለው ፓይለቱ።

«ልትጠልፉኝ ነበር።»

«የሚጠለፍ ሰው ጠፍቶ ነው? ለመሆኑ ራዳሩ ሠራ?»

«ሠርቷል። ትከሻዬን ጠይቀው።»

አዛዡ አልሳቀም። አንዲት ወንበር በእግሩ ገፋ አድርጎ ሰጠውና ወደ መስኮቱ ዞረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ቁራው አየ።

የፓይለቱ ጀልባ መጣች። ፓይለቱ በገመድ መሰላል ወረደ፤ ቁራውን ግን ባንድ እጁ አይሆንለትምና እንደ ከረጢት አስረው ከነቦርሳው አወረዱት። ጀልባዋ ላይ ሆኖ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀ። ሲነግሩት ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ።

የገመድ ፈቺዎቹ አለቃ ጠረፉ ላይ ጠበቀው።

«አማችህ ነው ያ አንካሳ?»

«የታል?»

«ሄዷል። ከአንተ በላይ ያበደ ሰው አላየሁም። ሬዲዮዬን ከእጄ መንጭቆ፣ ‹ራዳር አጥፉ፣ ሰው አለ› እያለ ሲጮህ የወደቡ ሹም ሳይቀር ሰማ። ከምሰሶው ስትወርድ ቆሞ አየህ። ከዚያ ልብሱን ከመሬት ለቃቅሞ፣ አውቶቡሱ አይጠብቀኝም ብሎ ሄደ። ካልሲውን አንዱን ረስቷል።»

«መኪና አለህ?»

«አንተ ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው።»

«በመናኸሪያው በኩል ነው የሐኪም ቤቱ መንገድ።»

አለቃው በዚያ በኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም ነዳ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ያጨሳል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ተሳፋሪ ይጠራል። አማቹ ከኋላ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጧል። ቁራው ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ከሥሩ ቆመ። አማቹ መስኮቱን በግድ ገፍቶ ከፈተ።

«ክንድህስ?»

«አለ። ጉልበትህስ?»

«ረስቼው ነበር። አሁን እያስታወሰኝ ነው።» አማቹ ወደ ታች አየው። እንደዚህ ሆነው ሲተያዩ ገና የመጀመሪያቸው ነው፤ ላይ ያለው አማቹ፣ ታች ያለው ቁራው። «ፊውዙን ለማን ሰጠኸው?»

«ለአንድ መኮንን።»

«ታውቀዋለህ?»

«ከየት አውቄው።»

«ታዲያ ኪስህ ምን ሆነ?»

«ሰው ቆሞ ሳይ እጄ ሰጠው። ለምዶብኝ።»

አማቹ የመስኮቱን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ሾፌሩ ማርሽ ሲያስገባ አውቶቡሱ ተንገጫገጨ።

«አባባ፣ ከመኪናው ራቅ ይበሉ፣ ልንነሳ ነው» አለ ረዳቱ።

«ያን ቀን» አለ ቁራው። ደግሞ ጀመረ። «ያን ቀን ዝም ማለትህ ልክ ነበር። ብትጠራኝ እወድቅ ነበር።»

«አንተ ወድቀህ አታውቅም፣ ጋሼ።»

«ያን ቀን እወድቅ ነበር።»

«እኔ እንጃ» አለ አማቹ። «ዓመት ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። አንዳንድ ቀን ልክ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን አይደለሁም። ዛሬ ስጮህ ግን... ይሄን ጩኸት የዚያን ቀን ብጮኸው ኖሮ አልኩ።»

«እኔም ለምን አልጠራኸኝም ያልኩህን ቃል አንስቻለሁ።»

«ቃል ይነሳል እንዴ?»

«አላውቅም። እኔ አንስቻለሁ።»

አማቹ አንገቱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እንቢ አይለይም። አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ቁራው ጥቂት አብሮት ተራመደ።

«ይሄን ለማለት ዓመት ፈጀብህ?»

«አንተስ ለመምጣት?»

አማቹ ሊስቅ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። «ስደርስ እደውልልሃለሁ» አለ። የባሰ ጮክ ብሎ ደገመው፣ ሞተሩ ስለበረታ። «ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሰማኸኝ? ስደርስ እደውላለሁ።»

አውቶቡሱ ጥጉን ዞረ። ጭሱ ትንሽ ቆይቶ እሱም ሄደ።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛው ብዙ ነበር፣ እያንዳንዱ ከሰው ጋር። አንዷ እናቷን ደግፋለች፣ አንዱ የወንድሙን ጫማ ይዟል። ቁራው ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ብቻውን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነርሷ መጥታ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገችው። ፊቱን አኮሳተረ።

«አባባ፣ ይሄ ወጥቷል፣ ይመለሳል። ግን ማደንዘዣ እንሰጥዎታለን፣ ከዚያ ብቻዎን አይሄዱም። ከማን ጋር መጡ?»

«ያመጣኝ ሰውዬ ወደ ሥራው ተመለሰ።»

«ሚስት፣ ልጅ?»

«የለም።»

«የሚጠራ ዘመድ የለም?»

«አማች አለኝ» አለ ቁራው። ይህን ቃል ካወጣው ዓመት ሆኖታል። «ዛሬ ሌላ ከተማ ሄደ።»

«አሁን ስልክ ልደውልለት?»

«መንገድ ላይ ነው፤ በሰላም እስኪገባ ተይው። ይደውላል።»

ነርሷ ልትከራከረው ብላ ተወችው። ሌላ ሕመምተኛ ጠሯት። ቁራው በግራ እጁ ስልኩን ከቦርሳው አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከመስኮቱ ውጭ ገና ፀሐይ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ አውቶቡሱ እስኪደርስ ብዙ ይቆያል። ወደ ኋላ ተደገፈና መጠበቅ ጀመረ።